እሑድ እሑድ የሚለቀኝ ሳል

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ ዕትም ከጅማ ከደረሱን ደብዳቤዎች ውስጥ ሰባቱ የሚጠይቁት ስለ አንድ ነገር ነው፤ ስለ አስም። መጋዘን ውስጥ፣ ክፍል ውስጥ፣ ሜዳ ላይ፣ ምጣድ ሥር እየዋሉ አስምን እንዴት መያዝ ይቻላል? ገጹን በሙሉ ለእነሱ ሰጥተናል። ረዘም ያሉትን ደብዳቤዎች አሳጥረናል፤ ስም አልጻፍንም።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በቡና ማበጠሪያ ለቀማ ላይ ስሠራ ሦስተኛ ዓመቴ ነው። አምና ቡናው ሲበዛ ዓይኔን ያሳክከኝ፣ አፍንጫዬም ይፈስ ጀመር። ዘንድሮ ደግሞ ማታ ማታ ደረቴ ይታፈናል፤ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ሳል ይቀሰቅሰኛል። እሑድ እሑድ ይለቀኛል። ለፋሲካ ሁለት ሳምንት ቤተሰብ ጋ ሄጄ ጭራሽ ረስቼው ነበር። አለቃዬ ብርድ ነው ይሉኛል። ሥራውን ልተው?
ከሂርማታ

መልስ፦ ደብዳቤዎ ውስጥ ትልቁን ነገር የሚናገረው «እሑድ» የሚለው ቃል ነው። ብርድ ቀን አይመርጥም። ከሥራ ሲርቁ የሚለቅ፣ ሲመለሱ የሚመለስ ሳልና አፈና ምንጩ ሥራ ቦታው ሳይሆን አይቀርም። ሐኪሞች «የሥራ አስም» ይሉታል።

በጥሬ ቡና አቧራ ውስጥ ሰውነት እንደ ጠላት የሚቆጥራቸው ፕሮቲኖች አሉ። ሰውነት እነሱን ለይቶ መቃወም እስኪጀምር ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይፈጃል። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ምንም ሳይሆኑ መሥራትዎ ቡናውን ነጻ አያወጣውም። አብዛኛውን ጊዜ የሚቀድሙት ዓይንና አፍንጫ ናቸው፤ ደረት ይከተላል። የእርስዎም አካሄድ ይኸው ነው። ኬሻውንም አይርሱት፤ ከዚያ በፊት ጉሎ ተይዞበት ከነበረ የጉሎው ብናኝ ራሱ ኃይለኛ ቀስቃሽ ነው። ቡና ሲቆላ ፕሮቲኑ በአብዛኛው ይጠፋል፤ ጥሬውን ሲለቅሙ የሚታመሙ ሰዎች ቡናውን ሲጠጡ ብዙውን ጊዜ ምንም የማይሆኑት ለዚህ ነው።

ማታ ማታ መሆኑ አለቃዎን አሳስቷቸው ይሆናል። አቧራው ከተሳበ ከ4 እስከ 8 ሰዓት ቆይቶ የሚነሳ አስም አለ። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ የሳቡት አቧራ ማታ 4 ሰዓት ላይ ሊያፍንዎት ይችላል። አለቃዎ የሚያዩዎት ደግሞ ደህና በሆኑበት ሰዓት ነው።

አሁን ሥራውን አይተው፤ መጀመሪያ እየሠሩ ይመርመሩ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ከሥራው ከወጡ ከወራት በኋላ ቢመረመሩ ትንፋሽዎ ደህና ሆኖ ሊገኝና ማስረጃው ሊጠፋ ይችላል። አንድ ደብተር ይያዙ። በየቀኑ ምን እንደሠሩ፣ ሳሉ ስንት ሰዓት እንደጀመረ፣ ሌሊት ስንት ጊዜ እንደነቁ፣ ፓፍ (በአፍ የሚሳብ የአስም መድኃኒት) ካለዎት ስንት ጊዜ እንደወሰዱ ይጻፉ። ፒክ ፍሎው ሜትር የምትባለውን በአፍ የምትነፋ የፕላስቲክ መለኪያ ካገኙ ደግሞ እሰየው። ቆመው፣ ሙሉ ትንፋሽ ስበው፣ በአንድ ጊዜ በኃይል ይንፉ፤ ይህን ሦስት ጊዜ ደግመው ትልቁን ቁጥር ይመዝግቡ። በቀን 4 ጊዜ ማለትም ሲነሱ፣ ለምሳ ሲወጡ፣ ሥራ ሲለቁ፣ ሊተኙ ሲሉ ይለኩ። ቢያንስ 2 ሳምንት፣ ቢሆንልዎ 4 ሳምንት፤ የዕረፍት ቀኖችንም ሳይዘሉ። ቁጥሩ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ እየወረደ ሄዶ ሲያርፉ የሚነሳ ከሆነ ያ ደብተር ለሐኪሙ ትልቅ መረጃ ነው፤ ለአለቃዎም እንዲሁ።

እስከዚያው አቧራውን መቀነስ ይቻላል። መጋዘን ውስጥ ሁሉም ሥራ እኩል አያቦንም። የባሱት ሦስት ናቸው፦ ኬሻ ፈትቶ ማሽኑ አፍ ውስጥ መገልበጥ፣ ገለባው በሚወጣበት በኩል መቆም፣ ማታ ወለሉን በደረቅ መጥረጊያ መጥረግ። ከነዚህ እንዲያወጡዎት ይጠይቁ። ለቀማው ላይ ንጹሕ አየር ከሚገባበት በር አጠገብ፣ ከማሽኑ ርቀው ይቀመጡ፤ ቡናውን እያነሱ አይበትኑት፣ በጠረጴዛው ላይ ይግፉት። ሌላ ቦታ ቢሆን ውኃ አርከፍክፋችሁ ጥረጉ እንል ነበር። ቡና ግን እርጥበቱ ከ12 በመቶ ሲያልፍ ስለሚሻግት መጋዘኑን ማርጠብ አይሆንም። ወለሉ በደንብ በተጨመቀ እርጥብ ጨርቅ ይወልወል፤ የግድ መጥረግ ካስፈለገም ለቃሚዎቹ ከወጡ በኋላ ይሁን።

ነጠላ መሸፋፈን ትልልቁን ገለባ እንጂ ደቃቁን አቧራ አያስቀርም። ኤን 95 የሚባለው ጭምብል ይሻላል፤ እሱም ፊት ላይ ከገጠመ ነው። የአፍንጫውን ሽቦ በሁለት እጅ ይጫኑት፣ ከዚያ በኃይል ይተንፍሱ፤ አየር ወደ ዓይንዎ ከወጣ አልገጠመም። አይታጠብም። ሲረጥብ ወይም መተንፈስ ሲያስቸግር ይጣል። የሥራ ካፖርትዎን እዚያው አውልቀው ይውጡ፤ አቧራውን ወደ አልጋዎ አይውሰዱት።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ጤንነት እንዲጠብቅና የመከላከያ መሣሪያ እንዲያቀርብ ያስገድዳል፤ በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታንም ይመለከታል። የሐኪሙን ወረቀት ከደብተርዎ ጋር አያይዘው የሥራ ቦታ ለውጥ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ቅጂውን እርስዎ ጋ ያስቀሩ።

«ልተው?» ላሉት ደግሞ በግልጽ እንንገርዎ። ምርመራው የሥራ አስም መሆኑን ካረጋገጠ ሰውነትዎ ለትንሽ አቧራም ይነሳል፤ ጭምብሉ ይቀንሳል እንጂ አያድንም። ከአቧራው ቶሎ የራቀ ሰው የመዳን ዕድሉ ሰፊ ነው፤ አፈናውን ለጊዜው በሚያስታግሰው ሰማያዊ ፓፍ እየተደገፈ ለዓመታት የቆየ ሰው ግን ከወጣም በኋላ አስሙ ላይለቀው ይችላል። ስለዚህ ከአቧራው ወደ ራቀ ክፍል መዛወር ከተቻለ ይዛወሩ። ካልተቻለ ሌላ ሥራ መፈለግ ይጀምሩ፤ ይህን ስንል ሥራ እንደ ልብ እንደማይገኝ ሳንዘነጋ ነው።

ጥያቄ፦ የ9 ዓመት ልጄ አስም አለባት። ትምህርት ቤት ፓፏን ቢሮ ቆልፈው ያስቀምጡታል። ጠዋት ጠዋት ተማሪዎቹ በተራ ክፍል ይጠርጋሉ፤ የእሷ ተራ በደረሰ ቀን አስሟ ተነስቶባት ነው የምትመለሰው። አትጥረግ እንዳልል ልጆቹ ይስቁባታል ብዬ ፈራሁ።
ከቦሳ

መልስ፦ የተቆለፈ ፓፍ የለም ማለት ነው። ቁልፉን የያዘው ሰው ስብሰባ ላይ ወይም ምሳ ላይ ሊሆን ይችላል፤ የታፈነች ልጅ ደግሞ ግቢ አቋርጣ ቢሮ ድረስ መሄድ የለባትም። አንዱ ፓፍ እሷ ጋ በቦርሳዋ የውጭ ኪስ ይሁን፤ የ9 ዓመት ልጅ በደንብ ከለመደች ይዛ መጠቀም ትችላለች። ሁለተኛ መግዛት ከቻሉ እሱ በክፍል ኃላፊዋ መምህር መሳቢያ ውስጥ ሳይቆለፍ ይቀመጥ።

ትምህርት ቤቱን በቃል ብቻ አያስረዱ። ግማሽ ገጽ ወረቀት ላይ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ይጻፉላቸው፦ ስሟና ክፍሏ፣ አስሟን የሚቀሰቅሰው ምን እንደሆነ፣ ሲጀምራት የሚታየው ምልክት (አንዳንዱ ልጅ ሲር ሲር ከማለቱ በፊት አንገቱን ያካል፣ ዝም ይላል)፣ ፓፉ ስንት ጊዜ እንደሚሰጥ፣ የእርስዎና የአንድ ሌላ ዘመድ ስልክ። ወረቀቱ መዝገብ ቤት ፋይል ውስጥ አይግባ፤ የክፍሏ መምህርና የስፖርት መምህሩ አንድ አንድ ቅጂ ይያዙ።

ጥረጋውን በተመለከተ እሷን ለይቶ ከማስቀረት ይልቅ አጠራረጉ ቢቀየር ለሁሉም ልጅ ይበጃል። ወለሉ ላይ ውኃ ረጨት ረጨት ተደርጎ፣ መስኮቱ ተከፍቶ፣ ጥረጋው ማታ ከትምህርት በኋላ ቢሆን አቧራው እስከ ጠዋት ይሰክናል። ለልጅዎ ሰሌዳውን በእርጥብ ጨርቅ መወልወል ይሰጣት፤ ያውም ሥራ ነው፣ ማንም አይስቅባትም። ዳስተር ግድግዳ ላይ እየመቱ ማራገፍ ግን ለእሷ ክልክል ይሁን። መቀመጫዋ ከሰሌዳው ሥር ባይሆን፣ በክረምትም ሻጋታ ከያዘ ግድግዳ ጥግ ባይሆን ጥሩ ነው።

ፓፉን ያለ ስፔሰር (በፓፉና በአፍ መካከል የሚገባ ባዶ የፕላስቲክ ዕቃ) በቀጥታ አፏ ውስጥ የምትነፋ ከሆነ አብዛኛው መድኃኒት ምላሷና ጉሮሮዋ ላይ ይቀራል። ስፔሰር ከጠፋ ከግማሽ ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ መሥራት ይቻላል፤ በሕፃናት ላይ ተሞክሮ ውጤቱ ከሚሸጠው ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ተገኝቷል። የፓፉን አፍ በጠርሙሱ መቀመጫ ላይ አስደግፈው ዙሪያውን በእስክሪብቶ ያስምሩ። ሽቦ አግለው ከመስመሩ ትንሽ ወደ ውስጥ ቀዳዳውን ይክፈቱ፤ ሰፍቶ ከተከፈተ መድኃኒቱ በጎን ያመልጣል። ፓፉ ጥብቅ ብሎ ሲገባ ዳሩን በፕላስተር ይዝጉ። የተቃጠለው ፕላስቲክ ሽታ እስኪለቅ አየር ያስመቱት። ከዚያ የዕቃ ሳሙና በተቀላቀለበት ውኃ ይንከሩትና ሳያለቀልቁ፣ በጨርቅም ሳይወለውሉ ደፍተው በራሱ ያድርቁት። ደረቅ ፕላስቲክ ሲታሽ መድኃኒቱን ወደ ግድግዳው ይስባል፤ ሳሙናው ይህን ይከላከላል።

አወሳሰዱ እንዲህ ነው። ፓፉን በደንብ ነቅንቃ ትሰካለች፤ የጠርሙሱን አፍ በከንፈሯ ገጥማ ትይዛለች፤ አንድ ጊዜ ይጫናል፤ በዝግታ ከ4 እስከ 6 ጊዜ በውስጡ ትተነፍሳለች። ሁለተኛ ካስፈለገ ግማሽ ደቂቃ ቆይቶ፣ እንደገና ነቅንቆ። ሁለት ሦስቱን በአንድ ላይ ነፍቶ አንዴ መሳብ መድኃኒቱን ማባከን ነው።

ጥያቄ፦ መምህር ነኝ። አንድ ተማሪ ክፍል ውስጥ አስሙ ቢነሳበት ደቂቃ በደቂቃ ምን ላድርግ? ባለፈው ልጆቹ ከበው ሲያራግቡለት፣ አንዱ ውኃ ሲያፈስበት ሳይ ግራ ገባኝ።
ከጅሬን

መልስ፦ ተማሪውን ቀጥ አድርገው ያስቀምጡት፤ ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ እጁን ጠረጴዛ ላይ ቢያስደግፍ ይቀለዋል። አያስተኙት። ሌሎቹን ያርቁ፤ ውኃ ማፍሰስ፣ የሚጨስ ነገር ማሽተት፣ ፌስታል ውስጥ ማስተንፈስ ሁሉም ይቅሩ። ኮሌታውን ይፍቱለት፤ እርስዎ ረጋ ብለው ያናግሩት፤ ድንጋጤ ትንፋሹን ያባብሰዋል።

ሰማያዊውን ፓፍ (ሳልቡታሞል) በስፔሰር 4 ጊዜ ይስጡት፤ አንድ በአንድ፣ በእያንዳንዱ 4 ትንፋሽ። ሰዓት ይዩና 4 ደቂቃ ይጠብቁ። ካልተሻለው እንደገና 4። አሁንም ለውጥ ከሌለ መንገድ ይጀምሩ። አምቡላንስ እስኪመጣ አይቀመጡ፤ ባጃጅም ቢሆን ይያዙና በአቅራቢያዎ ወዳለው ድንገተኛ ክፍል፣ ለምሳሌ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ወይም ሸነን ጊቤ ሆስፒታል ይውሰዱት፤ በመንገድ ላይም በየ4 ደቂቃው 4 እየሰጡ። በዚህ መጠን መስጠት ልብ ያስመታል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል፤ በአፈናው ጊዜ ግን ከዚያ የሚያስፈራው አለመስጠቱ ነው።

ሁለተኛውን ዙር ሳይጠብቁ ወዲያው የሚወስዱት እነዚህን ካዩ ነው፦ አንድ ዐረፍተ ነገር መጨረስ ካቃተው፣ ሲስብ የአንገቱና የጎድኑ ሥጋ ወደ ውስጥ ከገባ፣ የከንፈሩ ውስጥና ምላሱ ከጠቆረ፣ ከፈዘዘ ወይም ካንቀላፋ። አንድ ደግሞ ሰው የሚያዘናጋ ምልክት አለ። ሲር ሲር የሚለው ድምፅ ድንገት ጠፍቶ ልጁ ግን አሁንም እየታገለ ከሆነ፣ ተሻለው አይበሉ። ድምፁ የጠፋው የሚያልፍ አየር ስላነሰ ነው።

ቢሻለውም ወላጅ ተጠርቶ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። ሰማያዊው የሚሠራው ለጥቂት ሰዓታት ነው፤ ማታ ደግሞ ሊነሳበት ይችላል።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 17 ነው፤ ለሰፈር ቡድን ክንፍ ላይ እጫወታለሁ። ልምምድ ጨርሰን ውኃ ልጠጣ ቁጭ ስል ደረቴ ይጨመቃል፣ እስላለሁ፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ይለቀኛል። አሠልጣኜ አቅም የለህም ይለኛል። ሰማያዊ ፓፍ ታዞልኝ ነበር፤ ጓደኞቼ ሱስ ያስይዛል ሲሉኝ ተውኩት።
ከኮጪ

መልስ፦ አቅም ማጣት ቢሆን እየሮጥክ ይደክምህና ስታርፍ ይሻልህ ነበር። ያንተ ተገላቢጦሽ ነው፤ ስትቀመጥ ይጀምርሃል። ይህ በእንቅስቃሴ የሚነሳ አስም አረማመድ ነው። በኃይል ስትሮጥ በአፍህ ነው የምትተነፍሰው፤ አፍንጫ የሚያሞቀውና የሚያረጥበው አየር ደረቅና ቀዝቃዛ ሆኖ ይገባል፤ የአየር ቧንቧው ይደርቃል፣ ከዚያም ይኮማተራል። አብዛኛውን ጊዜ ሩጫው ካቆመ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ውስጥ ይብሳል፣ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ባለው ጊዜ ይለቃል። ይህን ለአሠልጣኝህ አንብብለት።

ፓፍ ሱስ አያስይዝም። ሰው ደጋግሞ የሚፈልገው አስሙ ስላልታከመ ነው። ስጋት ካለ እዚያ ላይ ነው፤ ሰማያዊው የአየር ቧንቧውን ይከፍታል እንጂ በቧንቧው ውስጥ ያለውን እብጠት አያድንም። የዓለም የአስም ሕክምና መመሪያ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰማያዊውን ብቻውን መውሰድ አይመክርም። በዓመት 3 ወይም ከዚያ በላይ ሰማያዊ ፓፍ የሚጨርስ ሰው ለከባድ አፈና ይበልጥ የተጋለጠ ነው። ስለዚህ ወደ ሐኪምህ ስትመለስ «እብጠቱን የሚቀንሰው ይገባኛል ወይ?» ብለህ ጠይቅ፤ ቤክሎሜታሶን ወይም ቡዴሶናይድ የሚባለውን ዓይነት ማለት ነው። እሱ ሥራው እንደ ሰማያዊው ወዲያው አይታይም፤ በቀናትና በሳምንታት ነው። ደህና ስትሆንም አይቋረጥም። ከወሰድክ በኋላ አፍህን ተጉመጥምጠህ ትፋው፤ አለዚያ አፍህን ነጭ ነገር ያበቅልብሃል።

ከልምምድ በፊት፣ ሐኪምህ ከፈቀደ፣ ሰማያዊውን 2 ጊዜ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቀድመህ ውሰድ። ከዚያ ቀስ ብለህ ተሟሟቅ፤ ብዙ ተጫዋች የሚዘልለው ይህን ነው። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ሶምሶማ እየሮጥክ በመሀል ለ20 ወይም ለ30 ሰከንድ ፈጠን በል፣ ከዚያ ተራመድ፤ ይህን አምስት ስድስት ጊዜ ድገመው። በደንብ የተሟሟቀ ቧንቧ ለሰዓት ለሁለት ሰዓት ያህል ቶሎ አይኮማተርም። ስትጨርስም ድንገት አትቀመጥ፤ እየተራመድክ ቀዝቅዝ። በታኅሣሥና በጥር ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ሜዳው ይቀዘቅዛል፣ ሣሩም ደርቆ ይቦናል፤ ከቻላችሁ ልምምዱን ከሰዓት አድርጉት፣ ካልቻላችሁ አፍና አፍንጫህን በስስ ሻርፕ ሸፍነህ ተሟሟቅ። ጉንፋን የያዘህ ሳምንት አትግባ። ፓፉ ተቀያሪ ወንበር ላይ በአሠልጣኙ እጅ ይሁን፤ የተቆለፈ ልብስ መቀየሪያ ውስጥ ምንም አይጠቅምህም።

ነገ ትልቅ ቡድን ብትገባም መድኃኒቱ አያስከለክልህም። የዓለም ፀረ አበረታች መድኃኒት ኤጀንሲ የሚሳብ ሳልቡታሞልን በ24 ሰዓት እስከ 1600 ማይክሮግራም፣ በየትኛውም 8 ሰዓት ውስጥ ግን ከ600 ሳያልፍ ይፈቅዳል፤ ያንተ ሁለቱ 200 ነው። በሲድኒ ኦሊምፒክ ደራርቱ ቱሉ በ10 ሺህ ሜትር ወርቁን፣ ጌጤ ዋሚ ብሩን ሲወስዱ አራተኛ የወጣችውን እንግሊዛዊት ፓውላ ራድክሊፍን ታላላቆችህ ያስታውሷታል። አስም አለባት። በ2003 እ.ኤ.አ. ለንደን ላይ ማራቶንን በ2፡15፡25 ጨርሳ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች።

ጥያቄ፦ የእንጨት ሥራ ቤት አለኝ፤ በርጩማና ወንበር እንሠራለን። ብርጭቆ ወረቀት ስንመታና ቫርኒሽ ስንቀባ አንዱ ሠራተኛዬ ይታፈናል።
ከመርካቶ

መልስ፦ ወፍራሙ ሰጋቱራ መሬት ይወድቃል፤ ጉዳት የሚያደርሰው በብርጭቆ ወረቀትና በሰንደር የሚወጣው እንደ ዱቄት የላመው ነው። ማለስለሱን በረንዳ ላይ፣ ነፋስ ከጀርባ አድርጋችሁ ሥሩ፤ ሰንደሩ የአቧራ ከረጢት ካለው ሳይሞላ አራግፉት። ልብስን በኮምፕሬሰር መንፋት ዛሬውኑ ይቁም፤ የሰከነውን አቧራ መልሶ ወደ አፍንጫ ማስገባት ነው። ሲቀቡ ደግሞ አቧራ የሚይዘው ጭምብል የቫርኒሽ ጋዝ አይይዝም፤ በር ተከፍቶ፣ በብሩሽ እንጂ በስፕሬይ ባይሆን ይመረጣል። ከማጠንከሪያ ጋር የሚቀላቀል ባለ ሁለት ቆርቆሮ ቀለም የምትረጩ ከሆነ ብዙዎቹ አይሶሳያኔት የሚባል ነገር አላቸው፤ አስም የሌለበትንም ሰው አስመኛ ያደርጋል። አስም ያለበት ሠራተኛ እሱ በሚረጭበት ቤት ውስጥ ጭራሽ አይግባ።

ጥያቄ፦ እንጀራ ጋግሬ እሸጣለሁ። ማዕድ ቤቴ ጠባብ ነው፤ ጭሱ አስሜን ይቀሰቅሰዋል። ቡና ሲፈላም ዕጣኑ ያፍነኛል፤ ከጎረቤት ቡና መቅረት ደግሞ ከበደኝ።
ከመንደራ

መልስ፦ ጭሱን ከምንጩ መቀነስ ነው። እርጥብ እንጨት የሚያጨሰው ውኃውን ለማትነን ሲታገል ነው፤ ማገዶውን ፈልጠው ቢያንስ አንድ ወር ዝናብ በማይደርስበት ያድርቁት፤ ቅጠልና ፌስታል ለማቀጣጠያ አይጠቀሙ። ምርጥ የሚባለው የሲሚንቶ ምድጃ ማገዶውን በግማሽ ያህል ይቆጥባል፤ ጭሱንም ይቀንሳል፣ አያጠፋም። ስለዚህ ከምጣዱ በላይ ጭሱ የሚወጣበት ቀዳዳ፣ ከበታች ደግሞ አየር የሚገባበት በር አብረው ያስፈልጋሉ። አንዱ ብቻ ካለ ጭሱ ቤቱ ውስጥ ይዞራል። አቅም ከፈቀደ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሁሉ ይሻላል። ዱቄት ሲገለብጡ ከረጢቱን ዝቅ አድርገው ቡሃቃው ውስጥ ያፍስሱት፤ ከላይ ሲወርድ የሚቦነውም ዱቄት አስም ይቀሰቅሳል።

ከጎረቤት ቡና አይቅሩ። ቡናው ሲቆላና ዕጣኑ ሲጨስ ያለውን ጊዜ ውጭ ያሳልፉ፤ ለአቦል ይግቡ፣ በር አጠገብ ይቀመጡ። ለጎረቤቶችዎ «ዕጣን ያፍነኛል» ብለው አንዴ በግልጽ ይንገሯቸው። በእርስዎ ቤት ግን ዕጣኑ ይቅር፤ ሣሩ፣ ፈንዲሻውና ጨዋታው ይበቃሉ።

ጥያቄ፦ ባጃጅ እነዳለሁ፤ ፓፌን ዳሽቦርድ ላይ ነው የማስቀምጠው። ማለቁን በምን አውቃለሁ? በረመዳንስ እንዴት ልውሰድ?
ከአዌቱ

መልስ፦ ዳሽቦርድ ላይ አያስቀምጡት፤ ፀሐይ ያግለዋል፣ ከ30 ዲግሪ በላይ መቆየት የለበትም። አቧራም በአፉ ይገባል፤ ክዳኑን ዘግተው ሸሚዝ ኪስዎ ውስጥ ይያዙት። ክዳኑ የጠፋ ፓፍ ሲነፉ በአፉ የገባ ሳንቲም ወይም ሌላ ትንሽ ነገር ጉሮሮ ውስጥ ገብቶ ያውቃል፤ ሁልጊዜ አፉን አይተው ይንፉ።

ውኃ ውስጥ ጥሎ መንሳፈፉን ማየት ልክ አይደለም፤ ነቅንቆ መስማትም እንዲሁ። መድኃኒቱ አልቆም ጋዙ ይቀርና «ፉስ» ይላል። ቆጣሪ ካለው ቁጥሩን ያንብቡ። ከሌለው አብዛኛው 200 ጊዜ ይነፋል፤ የጀመሩበትን ቀን በፕላስተር ለጥፈው ይጻፉበት። እብጠት የሚቀንሰውን ጠዋት 2፣ ማታ 2 የሚወስድ ሰው በ50 ቀን ይጨርሳል፤ 45ኛው ቀን ላይ አዲስ ይግዛ። ሰማያዊውን ግን በየጊዜው ስንት እንደወሰዱ ስልክዎ ላይ ይመዝግቡ። በሳምንት አንዴ ቆርቆሮውን አውጥተው ፕላስቲኩን ብቻ በሞቀ ውኃ ይጠቡት፤ ቀዳዳው በመድኃኒት ደቃቅ ይደፈናል። ለቀናት ሳይነፋ የቆየ ከሆነ መጀመሪያ ሁለት ጊዜ ወደ አየር ይንፉ።

በረመዳን ጠዋትና ማታ የሚወሰደው ከሱሑርና ከኢፍጣር ጋር ይገጥማል፤ ጾም ሳይገባ ሰዓቱን ከሐኪምዎ ጋር ያስተካክሉ። ሰማያዊው ጾም ያፈርሳል አያፈርስም የሚለውን ከአሁኑ ሼኽዎን ይጠይቁ፤ ሲታፈኑ የሚጠየቅ ነገር አይደለም። ታፍነው ግን ፀሐይ እስክትጠልቅ አይጠብቁ፤ ሃይማኖቱም ለታመመ ሰው ፈቃድ ሰጥቷል።

ያለቀውን ቆርቆሮ አይብሱት፤ እሳት ውስጥም አይጣሉት፣ ይፈነዳል።